የቅባቱ ቅርጫ

ለእታለሜ፣

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምሽልኝ? ያ ብርድ ሲገባ የሚነዘንዝሽ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ጋሼስ ሳላቸው ለቀቃቸው ወይስ ዛሬም ሐኪም ቤት ይሂዱ ሲባሉ «ዝንጅብል ጠጥቻለሁ» እያሉ ይሟገታሉ? ኮምቦልቻ ዝናቡ ደህና ጣለ ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። እየሸጥኩ፣ ከደላላ ጋር እየተጨቃጨቅኩ፣ የሸማ ተራን አቧራ እየዋጥኩ አለሁ። የላክሽልኝ በርበሬ ደርሶኛል፤ እጅሽ ይባረክ። ፍሬው ግን ከቆዳው ይበዛል። ማን እንደሸጠልሽ ባውቅ መጥቼ ጉድ አፈላበት ነበር።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ የወንድማችን ልጅ ኻሊድ ነው። ግባ ብትይው እምቢ ይልሻል፤ አትጨቅጭቂው። መነጽርሽን ፈልጊ፣ በሩን ዝጊና ራስሽ አንብቢው። ለልጆቹ «እስቲ አንብቡልኝ» ብለሽ እንዳትሰጪ። መሠረተ ትምህርት ገብተሽ ፊደል የቆጠርሽው ለዛሬ ነው በይ። መጨረሻው ሳትደርሺ ደግሞ ወደ ደጅ እንዳትወጪ፣ አደራ።

አንዱን ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሜ ልበልሽ። ልጅሽ ማሂራ ለዒድ የላከችልሽን ነጭ ብልቃጥ፣ ያን የፊት ቅባት፣ ከዚህች መስመር በኋላ አትንኪው። ከፍተሽው ከሆነ ክደኚው። የቀረውን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ። ላስደነግጥሽ አልፈልግም፤ እኔ ግን ደንግጬ ነው የምጽፍልሽ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትዪ። አንቺ ስልክ ስታወሪ ድምፁን ከፍተሽ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የምታሰሚው። ይህ ደግሞ የሰፈር ወሬ አይደለም፤ የልጅሽ ጉዳይ ነው፣ ያንቺም ጉዳይ ነው።

ልጅሽ የምትሠራውን በቅጡ አስረድታሽ የምታውቅ አይመስለኝም። አንቺ ለሰው «ዶክተር ናት» ነው የምትዪው፤ ሰውም መርፌ የምትወጋ ይመስለዋል። እሷ ላብራቶሪ ውስጥ ፔፕታይድ የሚባል ነገር ነው የምትቀምመው። ስሙን እስክይዘው ምላሴ ተሳስሮ ነበር። ሸማ ነጋዴ መሆኔን አይታ ነው መሰለኝ በክር አስረዳችኝ። ቆዳችን የተሠራው ከረጃጅም ክር ነው አለችኝ፤ ፔፕታይድ የዚያ ዓይነት ክር አጭር ቁራጭ ነው። ቆዳ ሲጎዳ ክሩ ይበጠሳል፤ ቁራጮቹም «ተበጥሰናል፣ አዲስ ሥራ» ብለው ለቆዳው መልእክት ያደርሳሉ። ሰው ሲያረጅ መልእክቱ ይደክማል፣ ቆዳውም ይሰንፋል፣ ፊት ይጨማደዳል። እነማሂራ ያንን ቁራጭ በሰው እጅ ሠርተው በቅባት ውስጥ ይከቱታል። ቆዳው ሳይጎዳ የተጎዳ መስሎት ሥራ ይጀምራል፣ መስመሩም ይሞላል።

እኔም፣ ታዲያ ቆዳውን ዋሽታችሁ ነው የምታሠሩት በይኛ፣ አልኳት። ሳቀችና አክስቴ አንቺ ደግሞ ነገር ታዞሪያለሽ አለችኝ። ብዙ ቦታ እየተጠና ያለ ነገር ነው፣ አዲሱ ነገር የኛው ቅመም ነው አለችኝ። እኔም ኮራሁ። ሸማ ተራ የማላወራለት ሰው አልነበረም።

ይህን ሙያ ለምን እንደመረጠች ግን ለኔ እንጂ ላንቺ አልነገረችሽም። የምርቃቷን ቀን ታስታውሻለሽ? ፎቶ አንሺው ሲጠራሽ «እኔን ተዉኝ፣ ፊቴ ፎቶውን ያበላሽባታል» ብለሽ ዛፍ ሥር ቀረሽ። አንቺ ለቀልድ ነው ያልሽው፤ እኛም ስቀናል። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ያን ፎቶ እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ አልሰቀለችውም። ፀሐይና ጭስ የበላውን ፊትሽን ልመልስላት ብላ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የደከመችው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ስታገኚያት እንዳትፈርጂባት ነው። ልቧን እኔ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ቅባቱ በሰው ላይ እንዲሞከር ፈቃድ ተገኘ። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሴቶች ያስፈልጉኛል፣ የት አገኛለሁ ብላ ስትጨነቅ፣ ሸማ ተራ እያለልሽ ምን አስጨነቀሽ አልኳት። እኔ ነኝ ሰዉን የሰበሰብኩት። ከሱቄ ፊት በረንዳው ላይ ነጠላ የሚቋጩትን፣ ጥለት የሚሸጡትን፣ ጋቢ ዘርግተው የሚውሉትን ሁሉ ጠራሁላት። ከነሱ ሁለቱን ልንገርሽ። አንዷ እታገኝ ናት፤ ጎጃም በረንዳ ጀርባ የምትኖረው ነጠላ ቋጪ። መርካቶ ስገባ መጀመሪያ ውሃ ያጠጣችኝ እሷ ናት፤ አፏ ሚጥሚጣ፣ ልቧ ግን ቅቤ። ሁለተኛዋ ፋና ናት፣ ከሱቄ ትይዩ ጥለት የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ዝምተኛ ሴትዮ።

ማሂራ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ መጣችና ሁሉንም እትዬ፣ እትዬ እያለች በትሕትና አስረዳች። አልዋሸቻቸውም። ግማሻችሁ መድኃኒቱ ያለበት ቅባት ይደርሳችኋል፣ ግማሻችሁ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ቅባት ይደርሳችኋል፤ መልኩም ሽታውም አንድ ነው፤ ማን የትኛው እንደደረሰው እናንተም አታውቁም፣ እኔም አላውቅም፤ መጨረሻ ላይ ተከፍቶ ይታያል፤ መድኃኒቱ መሥራቱም ሆነ መጉዳቱ የሚታወቀው ባዶውን ከተቀባው ጋር ሲተያይ ነው አለች። ሁሉም እሺ ብሎ ፈረመ። ብልቃጡንም በየቁጥሩ ተቀበለ። እኔ ዘመዷ ስለሆንኩ በጥናቱ አትገቢም ተባልኩ።

ልጅቱ ከሄደች በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። እታገኝ ብልቃጧን አገላብጣ አየችና እንዲህ አለች።

«እንዴት አንድ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ግማሻችን ወጣት ግማሻችን አሮጊት እንሆናለን? ይኼ ነውር አይደለም ወይ?»

ሁሉም ነውር ነው አለ። እኔም ነውር ነው አልኩ። ምን ልዋሽሽ፣ እንደዚያ ነው የታየን። ቅርጫ ታውቂያለሽ፤ በሬ በጋራ ተገዝቶ ሲታረድ ጉበቱም ሽንጡም ጨጓራውም ለየመደቡ እኩል ይደርሳል። አንዱ ሽንጥ ሌላው አጥንት ይዞ ቤቱ አይገባም። በሬውን ክርስቲያኖቹ ለብቻቸው እኛም ለብቻችን ነው የምናርደው። ቅባት ግን የሚታረድ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ አንድ ላይ ቅርጫ እናድርገው ተባባልን።

ሱቄ ጓሮ ውስጥ መጋረጃውን ጋርደን፣ ትልቁን ሳፋ በፈላ ውሃ አጠብኩት። ንጽሕናዬን ታውቂዋለሽ። ሁሉም ብልቃጡን ገለበጠ። እኔ በእንጨት ማንኪያ አማሰልኩ፣ እታገኝ እየለካች ወደየብልቃጡ መለሰች። ፋና ክዳን ክዳኑን ትገጥም ነበር። ሲያልቅ ሳፋው ላይ የቀረውን ለቤት ባለቤት ነው ብለው ለኔ ሰጡኝ፣ እኔም ተቀባሁት፤ ቅርጫ ላይ ቤቱን የሰጠ ድርሻ አለዋ። ማሂራ እንዳትሰማ ተማማልን፤ እነሱ በማርያም፣ እኛ በወላሂ። ልጅ ናት፣ መጽሐፉን እንጂ ጉርብትናውን አታውቅም፣ ብትሰማ ታዝናለች ብለን ነው። አዲስ ብልቃጥ በመጣ ቁጥር እንዲሁ እያደረግን ከረምን። ሥራችን ሁሉ የጽድቅ ሥራ ይመስለን ነበር።

ቅባቱ ደግሞ ሠራ፣ እታለሜ። ግንባር ላይ ተጋድሞ የኖረ መስመር እየሳሳ ሄደ። የዓይን ሥር ሞላ። ከሌላ ተራ ሴቶች እየመጡ ምን ተቀባችሁ፣ ከየት አመጣችሁ ይሉን ጀመር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው ነገሩ። እታገኝ ግን ስትስቅ ከዓይኗ ጎን የሚሰበሰበው ቆዳ የለም። አፏ ይስቃል፣ የቀረው ፊቷ ዝም ይላል። አንድ ቀን ልጇ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል መጥቶ አጠገቧ ቆሞ «እናቴ ዛሬ አልመጣችም?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። እኔ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ወደ ጓዳ ገባሁ።

ማሂራ በየወሩ እየመጣች በማሽን ፎቶ ታነሳቸው ነበር። አንድ ዓርብ ቤቴ መጥታ ምሳ ሳትበላ አልቅሳ ተኛች። ማን ባዶውን እንደተቀባ ባላውቅም ሁሉም እኩል ነው ያማረባቸው፣ ግማሾቹ ከግማሾቹ አልተለዩም፣ ሥራዬ ገደል ገባ አለችኝ። ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ምያለሁ። ደግሞ አሁን ብነግራት የዓመት ድካሟን እኔ በማንኪያዬ እንዳበላሸሁት ነው የምነግራት። ብርድ ልብስ አልብሻት ወጣሁ። እሷና አለቆቿ ግን መድኃኒቱ ደካማ ቢሆን ነው ብለው ለቀጣዩ ሙከራ ጠንከር ያለውን ቀመሙ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አትዪም?

ከዚያ እታገኝ ጉንጭ ላይ ነጥብ ወጣች። ኑግ የምታህል፣ ጥቁር። ማርያም ሳመችኝ ብላ ቀለደችባት። ነጥቧ ግን አላረፈችም። ሰፋች፣ ጠርዟ ተበላሸ፣ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርጋት ትደማ ጀመር። ማሂራ ባየቻት ቀን ፊቷ ተለዋወጠ። ልጅሽ ሰነፍ እንዳይመስልሽ፤ ያንኑ ዕለት ቅባቱን አስቁማ ራሷ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ከነጥቧ ላይ ቆርጠው ለምርመራ ላኩ። ብዙም ሳይቆይ ፋና ግንባሯን ገልጣ አሳየችን። እሷም ላይ ወጥቷል።

እነማሂራ ቢሮ ተጨነቁና ለመጨረሻ የተባለውን ምስጢር አስቀድመው ከፈቱት፤ የማን ብልቃጥ መድኃኒት፣ የማን ባዶ እንደሆነ ማለት ነው። ማሂራ ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ሱቄ መጣች። እየሮጠች ነው የመጣችው። አቅፋኝ ስታበቃ እንዲህ አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ አክስቴ፣ ከመድኃኒቱ አይደለም። ከመድኃኒቱ ቢሆን ፋና ላይ አይወጣም ነበር። ፋና ስትቀባ የከረመችው ባዶውን ነው።»

ከፀሐዩ ይሆናል፣ በፊት ይቀቡት ከነበረው የፊት ማንጫ ቅባት ይሆናል አለች፤ የእታገኝ ውጤት ሲመጣ እናያለን አለች። እኔ ጋቢ እያጣጠፍኩ ነበር። ዘረጋሁት፣ እንደገና አጠፍኩት። ያረቢ፣ ያን ጊዜ አፌን ምን ያዘው? ፋና ባዶ ተቀብታ አታውቅም። ከመካከላችን ባዶ የተቀባ አንድም ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት ልበልሽና ልለፈው። ኒቃብ ለብሳለች የሚለው ወሬ እናንተም ጋ ደርሷል አሉ። አዎ፣ ጀምሬአለሁ። ተራው ሁሉ ዲነኛ ሆነች፣ ሐጅ አስባ ነው እያለ ይመርቀኛል፤ እኔም አሚን ነው የምለው። አቧራውም በዝቷል፣ በየቦታው ቤት እየፈረሰ ነው። ማሂራንም ቤቴን ቀለም እያስቀባሁ ነው ብዬ ሱቅ ነው የማገኛት። በቪዲዮ ደውይልኝ የምትዪኝም ነገር ለጊዜው አይሆንም፤ የስልኬ ካሜራ እስካሁን አልተሠራም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ልጅቱ ያን ዕለት ልቧ ሲያርፍላት የማይገባ ነገር አደረገች። አዲሱን፣ ጠንከር ያለውን ቅባት ከላብራቶሪው አንድ ብልቃጥ ይዛ ወጣች። ለማንም እንዳይሰጥ የተከለከለ ነው። ለዒድ ካዘጋጀችልሽ ልብስ ጋር ጠቅልላ ላከችልሽ። ለኔ የነገረችኝ ከላከች በኋላ ነው። ጉዳት እንደሌለው ካወቅኩ እናቴ ከማን ታንሳለች አለችኝ። ይህን ስትለኝ ዓይኗ እንደ ልጅነቷ ነበር፣ አዲስ ጫማ ሲገዛላት እንደምትሆነው።

በዚያው ሰሞን ፉርቃን የሚባል የኮስሞቲክስ አስመጪ በረንዳችን ላይ መመላለስ አበዛ። ሴቶቹን እያየ ምራቁን ይውጣል። ማሂራ ጉዳት የለውም የሚለውን ጽፋ ለአለቆቿ ካስረከበች ቅባቱን ለመላው አገር አከፋፍላለሁ ይላል። እሷም ጽፋ ጨርሳ ነበር።

እኔ ወዲያው ደወልኩልሽ። ስልኩን ታስታውሺዋለሽ። ለጊዜው እንዳትቀቢው ብልሽ «ቀናሽ እንዴ?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ለምን እንደሆነ ልነግርሽ አልቻልኩም፤ መሐላው አለ፣ ድምፁንም ከፍተሽዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የፈራሁት ያን ቀን ነው።

የእታገኝ ውጤት መጣ። ጥሩ አይደለም። ሥር ሰዷል አሏት። ከምን እንደመጣ ሐኪሞቹ አይናገሩም፣ ሕክምናውን ጀምሪ ብቻ ነው ያሏት። በረንዳው ላይ የምትቀመጥበት ቦታ ባዶ ሆነ። ሄጄ አየኋት። ጉንጯ በፋሻ ታሽጓል፤ በቀረው ፊቷ ላይ አንድ መስመር እንኳ የለም፣ እንደ ሕፃን ልጅ ፊት ለስልሷል። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ወሬ ላወራት ሞከርኩ፤ አቋረጠችኝ።

«ያን ቀን እንማማል ያልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «መሐላሽን እኔው ፈትቼዋለሁ። ለልጅቱ ንገሪያት። እኔስ ሆነብኝ፣ ሌላ ሰው አታስበሉ።»

እንባዬን መዋጥ አቅቶኝ ወጣሁ። ከጎጃም በረንዳ እስከ ሱቄ በጋሪውና በተሸካሚው መሃል እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ትናንት ነው ይህ የሆነው። ለማሂራ ደወልኩና አሁኑኑ ነይ አልኳት። ስትመጣ ሱቁን ከውስጥ ዘጋሁ። ሳፋውን፣ ማንኪያውን፣ ቅርጫውን፣ መሐላውን ሁሉ ነገርኳት። ትጮሃለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የነጠላ ክምር ላይ ቁጭ አለች። ከመጀመሪያው ብልቃጥ ጀምሮ ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ሁላችሁም ወይ አለችኝ። ሁሉም አልኳት። ስልኳን አውጥታ አለቃዋ ጋ ደወለችና የጻፍኩት ይቁም፣ ስህተት ነው፣ በረንዳው ላይ ያሉት በሙሉ ይመርመሩ አለች። ፉርቃን ጋም ደወለች፤ ናሙና ብሎ የወሰደው ካርቶን አለ። አላነሳም። ደጋግማ ደወለች፣ አላነሳም።

ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ከንፈሯ አመድ መስሎ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እናቴ ጀምራለች?»

አላውቅም አልኳት። ዋሸኋት፣ እታለሜ። አላህ አፉ ይበለኝ። ያን ቀን «ቀናሽ እንዴ?» ብለሽ ስትስቂ ከኋላሽ አንዲት ሴት ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቻለሁ። «ለእኛም ደርሶናል በያት!» ነው ያለችው። ከዚያ ብዙ ሴቶች ሳቁ። አንቺም አብረሽ ሳቅሽ። እህትማማች ነን፤ ብልቃጡን ለብቻሽ እንደማትቀቢው ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አንቺ ዳቦ እንኳ ብቻሽን ቆርሰሽ አታውቂም። ያን ድምፅ ለልጅሽ ልነግራት አፌ አልታዘዘልኝም።

አሁን ስሚኝ። ማሂራ ኻሊድ ይዟት መጥቶ መኪናው ውስጥ ናት። ይህን ስታነቢ ከበርሽ ራቅ ብለው ቆመዋል። አክስቴ አንቺ ጻፊላት፣ እኔ ፊቷን እያየሁ መናገር አልችልም ብላኝ ነው የጻፍኩት። አንብባ ስትጨርስ ከጠራችኝ እገባለሁ ብላለች። ሐኪም ቤት ልትወስድሽ ነው የመጣችው፤ ደሴ ላይ ከምታውቀው ሐኪም ጋር ተነጋግራለች። ገና አልሰፋም ከተባለ ቶሎ መቁረጥ ይበቃል፣ ቶሎ ነው ዋናው፣ ይላሉ። ስለዚህ የአገርሽን ይሉኝታ ለዛሬ ተዪልኝ። እኛ በይሉኝታ ዝም ብለን ያደረስነውን አይተሻል።

አልከፈትኩትም ከሆነ መልስሽ፣ ብልቃጡን ይዘሽ ብቻሽን ውጪና ልጅሽን እቀፊያት። ጀምሬአለሁ ከሆነ ግን አትዋሻት። አንቺን ለማዳን የሚያስፈልጋት እውነቱ ብቻ ነው። ያካፈልሻቸውንም ጎረቤቶችሽን አንድ ሳይቀር ጥሪ፤ አንዷን «እሷስ ትንሽ ነው የተቀባችው» ብለሽ እንዳትተያት። ኻሊድ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደርሳለን ብሎኛል። ሁላችሁም አብራችሁ ደጅ ውጡና በፀሐዩ ቁሙላት፤ ልጅቷ የእያንዳንዳችሁን ፊት ትይ።

እኔ አብሬ ያልመጣሁት ሱቁ ሰው ስለሌለው ነው። ማሂራ ከጠየቀችሽም ይህንኑ በያት።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ጋሼን፣ ልጆቹን፣ ደጃችሁን ሁሉ ይጠብቅ። የልጅሽን ልብ አይስበርብን፤ የሠራችው ለፍቅር ነው፣ ያበላሸነውም በፍቅር ነው። እታገኝን በዱአሽ አስቢያት፤ ፋናንም። ቦታ ከተረፈሽ ታናሽሽንም አትርሺያት። ተነሽ በይ፣ ልጅቷን አታስጠብቂያት።

ከእግርሽ ሥር ያደገችው
ታናሽ እህትሽ